ምን ታውቃለህ ብሎ የጠየቀው የለም

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ውኃ ነው። የሳዑዲ ዐረቢያዋ ጂዛን ከቀይ ባሕር ጋር እኩል ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ልዩነት የጀልባ ሞተርን ምን እንደሚያደርገው በጆሮው ሰምቶ፣ በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ነበረን። እሱን የመሰሉ ሌሎችም ነበሩ። አልተጠቀምንበትም፤ ሄደ። ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

የማወራው ስለ አክስቴ ልጅ ነው። ያደገው ደልጊ፣ ጣና ዳር፣ ደንገል ታንኳ ላይ ነው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ እንደ ብዙ እኩዮቹ በባሕር ሄደ፤ በጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን፣ ከዚያ የሰዓዳን ተራሮች አቋርጦ ጂዛን። መንገዱን መዘርዘር አያስፈልገኝም። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ በዚያ መንገድ ሰው ያልሸኘ ሰፈር ጥቂት ነው። መጀመሪያ ሰብያ አጠገብ ፍየል ጠበቀ። በኋላ አንድ የአገሩ ልጅ ወደ ጂዛን ከተማ ይዞት ወረደና የጀልባ ሞተር የሚጠገንበት ወርሻ ውስጥ ረዳት አድርጎ አስገባው። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ፍተሻ ሲመጣ ጀልባ ሥር እየገባ፣ ፍተሻው ሲያልፍ እየወጣ ሙያውን ተማረ።

ጂዛን የዓሣ አጥማጅ ከተማ ናት። ከፊቷ የፈረሳን ደሴቶች ተዘርግተዋል፤ አጥማጁ ረጅሟን የፋይበር ጀልባ፣ ሁሪ የሚሏትን፣ ከኋላዋ ሞተር ሰክቶ ሌሊት ይወጣል፣ ጠዋት ይመለሳል። ከመዝናኛው ዳርቻ ደግሞ ጄት ስኪና ፕሮፔለር የሌላቸው የውኃ ግፊት ጀልባዎች ይመጣሉ። ወርሻው ሁሉንም ይቀበል ነበር። የአክስቴ ልጅ ከሁሉም አብልጦ የወደደው እነዚህን የኋለኞቹን ነበር። አስተማሪው ባንግላዴሻዊ መካኒክ ነው፤ ሁለቱም በተሰባበረ ዐረብኛ ይግባባሉ፤ ሰውየው ከእጁ የደበቀው ነገር እንዳልነበረ የአክስቴ ልጅ ሁልጊዜ በምስጋና ያነሣዋል።

የእነዚህ ጀልባዎች ልብ ኢምፔለር ነው። ከጀልባዋ ሆድ ሥር በተገጠመ ቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ባለ ክንፍ ብረት ነው፤ ከሥር ውኃ ይስባል፣ ከኋላ በጠባብ አፍ ይተፋዋል፤ ጀልባዋ የምትሄደው በዚያ ግፊት ነው። ከሥሯ የሚወጣ ፕሮፔለር ስለሌለ ድንጋይና ደለል በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ታልፋለች፤ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው አጠገብ ስትጠጋም አካል የሚቆርጥ ነገር የላትም። መምህሩ ደጋግሞ የነገረው ትምህርት አንድ ነው፤ ኢምፔለር የሚመረጠው ለጀልባዋ ሳይሆን ለሞተሩ ነው። ምክንያቱም ጀልባዋ ባዶ ሆነች ጭነት ያዘች፣ ቆመች ሄደች፣ ኢምፔለሩ በአንድ ዙር ላይ ከሞተሩ የሚጠይቀው ጉልበት እምብዛም አይለወጥም። ሞተሩ መስጠት የሚችለውንና ኢምፔለሩ የሚጠይቀውን ማገናኘት ነው ሥራው። ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ሞተሩ አምራቹ የወሰነለት ዙር ላይ ከደረሰ ተገናኝተዋል። ካልደረሰ ኢምፔለሩ ከብዶታል። ካለፈ ቀሎታል።

ይህ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ደጋ ሲወጣ ሒሳቡ ይለወጣል። መካኒኮች የሚያውቁት ግምት አለ፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ያንሳል። ጂዛን ላይ 150 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር ባሕር ዳር ሲደርስ ከ123 ብዙም አይዘልም። ኢምፔለሩ ግን ይህን አያውቅለትም። ለ150 የተቀረጸው ብረት የ150ን ውኃ ላንሳ ይላል። ኢምፔለር የሚበላው ጉልበት ደግሞ በዙሩ ኩብ ነው የሚያድገው፤ ዙሩን እጥፍ ላድርግ ያለ ስምንት እጥፍ ጉልበት ማምጣት አለበት። ስለዚህ ጉልበቱ 18 በመቶ ሲጎድል ዙሩ የሚወርደው በ6 ወይም በ7 በመቶ ብቻ ነው፤ 4,500 መምታት የነበረበት 4,200 ላይ ይቀራል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ ከሚመቸው ዙር በታች ታፍኖ ይውላል፤ በካርቡራቶር የሚሠራ ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጀልባዋ ደረቷን ከውኃው ማንሣት ያቅታታል፣ ነዳጅ ትጨርሳለች፣ መንገድ ግን አትጨርስም።

መፍትሔው የክንፉ ዘንበል የቀለለ ኢምፔለር መግጠም ነው። በጄት ስኪዎች ላይ ይህ ዘንበል በዲግሪ ይለካል፤ በአሜሪካኖቹ በርክሌይ ፓምፖች የኢምፔለሩ መጠን በፊደል ይለያል፤ ኤ የተባለው ከቢ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፣ ቢ ደግሞ ከሲ። ደጋ የሚወጣ ሰው አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ያኔ ሞተሩ ወደ ዙሩ ይመለሳል። የጠፋው የፈረስ ጉልበት ባይመለስም የቀረው በሙሉ ውኃ ላይ ይውላል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጀልባዋ ስትደክም ገዢው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው፤ ውኃ አልያዘችም፣ ትልቅና የክንፉ ዘንበል የከበደ ይግባላት ይላል። የባሰ ይሆናል፤ በሁለት በኩል። አንዱን ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው ሰው ልብ የማይለው ነው። ውኃን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ከላይ የተጫነው አየር ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ክብደት 10 ሜትር ከሚያህል የውኃ ዓምድ ጋር ይተካከላል፤ ጣና ላይ ወደ 8 ሜትር ከሩብ ይወርዳል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አሸንጌ ላይ 8 አይሞላም፤ ወደ 2,900 ሜትር የምትጠጋው ወንጪ ላይ 7 ከትንሽ ነገር ብቻ ነው። ከባድ ኢምፔለር በዚህ ስስ አየር ሥር በኃይል ሲስብ ውኃው ለመድረስ ያቅተዋል፤ ክንፉ ጀርባ ላይ በእንፋሎት አረፋ ይበታተናል፤ አረፋው ተመልሶ ሲፈነዳ ብረቱን ይነድላል። ቱቦው ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስል ይንኳኳል። የአክስቴ ልጅ ይህን ድምፅ ከሩቅ ይለየው ነበር።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. በዚያ በታወቀው ማባረር ተይዞ ቦሌ ወረደ። በዚያ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሰው ኢትዮጵያዊ ከ160 ሺህ በላይ ነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ አንድ ፌስታል ይዞ መጣ። ተመዘገበ። ስም፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የሚያመው ነገር አለ ወይ። የጉዞ ገንዘብ ተሰጠው። በወረዳም ጠሩት፤ ዶሮ እርባታ፣ ከብት ማድለብ ወይም ኮብልስቶን ምረጥ አሉት። ሥራዎቹን አልንቅም፤ ብዙ ቤት አቁመዋል። ከቦሌ እስከ ደልጊ ባለፈባቸው ጠረጴዛዎች ሁሉ ግን፣ እዚያ ሆነህ ምን ስትሠራ ነበር፣ ምን ታውቃለህ፣ ያለው ሰው አንድም አልነበረም። ቅጹ ላይ ለዚህ ጥያቄ መሥመር አልተተወለትም።

ከ160 ሺህ ሰው መካከል ስንቱ በያጅ፣ ስንቱ የማቀዝቀዣ ሠራተኛ፣ ስንቱ አናጢ፣ ስንቱ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ ስንቷ የሕሙማን አስታማሚ እንደነበሩ ማን ያውቃል? በአንድ አውሮፕላን ላይ የተጫነው ሙያ አንድ ኮሌጅ በዓመታት የማያወጣው ነበር። ሙያ በስደት ተገዝቶ፣ በእስር ተቀጥቶ፣ በነፃ እጃችን ላይ ገባ። እኛ ያየነው የተጎሳቆለ ሰው ብቻ ነው። ማዘናችን ትክክል ነበር፤ ግን ከማዘን አልፈን አልሄድንም።

በ2007 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንድ ባለሀብት በጅቡቲ በኩል ያስመጣት የውኃ ግፊት ጀልባ ነበረች። ስሙን አላነሣም፤ በጎ አሳብ የነበረው ሰው ነው። ጎብኚ ወደ ገዳማቱ ለመውሰድ፣ ከደቅ ደሴት በሽተኛ ለማምጣት አስቦ ነበር የገዛት። ደቅ በጣና ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርባታል። እዚያ ምጥ የጠናባት ሴት ባሕር ዳር ለመድረስ በዝግታ ጀልባ ሰዓታት ትቆያለች፤ ማዕበል ከተነሣ ደግሞ ትጠብቃለች። ፈጣን ጀልባ ለደቅ ቅንጦት አይደለችም።

ጀልባዋ ግን ከመጣች ጀምሮ አልሮጠችም። እኔ ነኝ የአክስቴን ልጅ ወስጄ ያሳየሁት። ሙሉ ጋዝ ሲሰጣት ቆሞ አዳመጠ። ከሥሯ ገባ፣ እጁን በመግቢያው ሰድዶ ክንፎቹን ዳሰሰ፣ ወጣ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለው ባለሀብቱን። «ያሸከማችሁት ኢምፔለር ለባሕር የተሠራ ነው፤ እዚህ ከበደው። አንድ ደረጃ ቀለል ያለ ይዘዙልኝ፤ እኔ እገጥመዋለሁ። እስከዚያ የክንፎቹን ጫፍ በሞረድ ላስተካክለው።»

«የት ነው የተማርከው?»

«ጂዛን።»

«ወረቀት አለህ?»

አልነበረውም። ኢቃማ የሌለው ረዳት ማን ወረቀት ይሰጠዋል? ባለሀብቱም ጨካኝ ሆኖ አይመስለኝም፤ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ዕቃ ፍየል ሲጠብቅ ኖሮ ለመጣ ልጅ አሳልፎ መስጠት ፈራ። ሌላ ባለሙያ ነኝ ባይ የክንፉ ዘንበል የከበደ ኢምፔለር እንዲያዝዝ መከረው። ታዘዘ፤ ወራት ፈጅቶ መጣ፤ ተገጠመ። ጀልባዋ እንደ በፊቱም መሄድ አቃታት። ክንፉ በአጭር ጊዜ ተነደለ፣ ኩሽኔታው ተበላ። ከዚያ ወደ ሣር ላይ ጎትተው አወጧት፤ ሸራ ለበሰች።

የአክስቴ ልጅ ያየው ሌላም ነበር፤ ማን ሰምቶት። ጣና በክረምት ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ በሚገባው ደለል ይቀላል፤ ያ ደለል ኢምፔለሩንና በዙሪያው ያለውን ቀለበት ይፍቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ካልሆነ ውኃው ወደ ኋላ ይሾልካል፣ ግፊቱ ይሞታል። ስለዚህ ለጣና አሉሚኒየም ሳይሆን የማይዝግ ብረት ይሻላል ይል ነበር፤ ቀለበቱም በየክረምቱ ማለቂያ እየተለካ ቢለወጥ። ብረት እንዳይበላ የሚታሰረው የመሥዋዕት ብረትም ለጨው ውኃ ዚንክ ሲሆን ለጣና ጨው አልባ ውኃ ማግኒዚየም መሆን አለበት። እንቦጭ በወረረው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ይህ ዓይነት ጀልባ አይሆንም ብሎ ራሱ ነግሮኛል፤ አረሙ የመግቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል፣ እዚያ ሌላ ነገር ይፈለግ አለ። የሚወደውን ዕቃ የማይሆንበትን ቦታ ለይቶ የሚናገር ሰው ሙያውን ያውቃል ማለት ነው። እኔ በዚህ ነው ያመንኩት።

ይህን ሁሉ የምለው የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የውኃ ግፊት ጀልባን ለዓለም ያደረሰው ሰው ማን እንደሆነ እናውቅ። ቢል ሃሚልተን ይባላል፤ ኒውዚላንድ ውስጥ አይሪሽማን ክሪክ በሚባል ቦታ በግ አርቢ ነበር። የአገሩ ወንዞች ጥልቀት የሌላቸው፣ ፈጣን፣ ጠጠር የበዛባቸው ስለነበሩ ፕሮፔለር አይሠራባቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእርሻው ወርሻ ውስጥ እየሞከረ፣ ውኃውን ከጀልባዋ በኋላ ከውኃው መሥመር በላይ መትፋትን አገኘ። በ1960 ጀልባዎቹ የኮሎራዶን ወንዝ በግራንድ ካንየን በኩል ሽቅብ ወጡት። ኤድመንድ ሂላሪ በ1968 በኔፓል ሱን ኮሲ ወንዝ ላይ፣ በ1977 ደግሞ በጋንጀስ ላይ ከባሕር ወደ ሂማላያ ሽቅብ የወጣው በእነዚሁ ጀልባዎች ነው። በግ አርቢው የአገሩን ወንዝ አየ፣ አገሩም እሱን አየው። እኛም ፍየል ጠባቂ ነበረን፤ የአገሩን ሐይቅ አይቶ ነበር።

ከራሱ ከጂዛንም ምሳሌ አለ። የእኛ ልጆች ተደብቀው የሚያልፉባቸው የፈይፋና የአል ዳየር ተራሮች በእርከን የታረሱ የቡና ማሳዎች ናቸው፤ የኸውላኒ ቡና ይሉታል። ሳዑዲ ዐረቢያ የዚያን ቡና አመራረት እውቀት አሰባስባ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አሰፈረች። የተራራ ገበሬ ከአባቱ የወረሰውን የእጅ እውቀት ሀብት ነው ብላ ቆጠረች። መልካም አደረገች። ልቤን የሚበላው፣ በዚያው ተራራ ሥር በዚያው ዓመት የእኛ የእጅ እውቀት በካቴና ታስሮ ይጫን የነበረ መሆኑ ነው።

ደግሞ የመጀመሪያችን አይደለም። ምጽዋ ላይ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መካኒኮችና መርከበኞች ነበሩት፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቻቸው ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን፣ ሳዑዲ ዐረቢያ ገቡ። መርከቡ ቀርቶ ሰዎቹ፣ ያ ሁሉ የሞተር እውቀት፣ ወዴት ተበተነ? ከእነሱ ጥቂቶቹን ሰብስቦ ባሕር ዳር ወይም ጎርጎራ ላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ያኔ አልተሠራም፤ 2006 ላይ ሁለተኛ ዕድል መጣ፤ ያም አለፈ።

ከሁሉ የሚያቃጥለው የሚያስፈልገው ሁሉ አጠገባችን መኖሩ ነው። ባሕር ዳር ላይ በዓለም ውቅያኖሶች ለሚጓዙ መርከቦች የማሪን መሐንዲሶች የሚሠለጥኑበት ተቋም አለ። ሙያን በልምድ የተማረ ሰው ተመዝኖ ምስክር ወረቀት የሚያገኝበት የብቃት ምዘና ሥርዓት አለ። ሐይቅ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ከደቅ የሚመጣ በሽተኛ አለ። ከጂዛን የተመለሰ መካኒክ ነበረ። እነዚህን ለማገናኘት አዲስ በጀት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ጥያቄና አንድ ስልክ ይበቃ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በመኪና መንገድ ተጎትታ ወደ ጣና ስትመጣ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ተቀበላት። እኔም ደስ ብሎኛል፤ የሚገባ ደስታ ነው። ግን ወዲያው የመጣብኝ ሐሳብ፣ ይህን ሁሉ ሞተር በደጋ አየር፣ በደለል ውኃ ላይ ማን ይጠብቀዋል የሚል ነው። መርከብ በገንዘብ ይመጣል። ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው በገንዘብ አይመጣም፤ እሱን ይዘን ነበር።

የአክስቴ ልጅ ጥቂት ጊዜ ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ ሠራ፤ የመኪና ራዲያተር ሲያጥብ አየሁት። ክፍያቸው የቤት ኪራይ አይሸፍንም ነበር። እኔ ጀልባዎቹን እያነሣሁ እንዲቆይ ስለምነው ዝም ይል ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ «እዚያ ሌባ እያሉኝም ሞተሩን ይሰጡኛል፤ እዚህ ወንድሜ እያሉኝ ሞተሩን ይደብቁኛል» አለኝ። በ2009 ዓ.ም. ተመልሶ ሄደ። ጂዛን ገባ፤ ወርሻውን አገኘው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ተይዞ ታሰረ፤ በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ሂዩማን ራይትስ ዎች በጂዛንና በአል ዳየር ማቆያዎች ስለነበረው መጨናነቅና ስቃይ ያወጣውን ሪፖርት ያነበበ ሰው ምን እንዳሳለፈ ይገምታል። ከዚያ ወደ የመን ወሰን አስወጡት።

የመጨረሻ ስልኩ የመጣው በ2014 ዓ.ም. ከሰዓዳ ነው። ለእናቱ፣ እንደገና ልሻገር ነው አላት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በዚያ ድንበር ላይ በትንሹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በፈንጂ መሣሪያና በጥይት መግደላቸውን ገለጸ፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ነው ብሎ አስተባበለ። የአክስቴ ልጅ ከእነዚያ አንዱ ይሁን አይሁን ቤተሰቡ ማረጋገጫ አላገኘም። አክስቴ ሐዘን አልተቀመጠችም። በስልክ ቁጥሩ ላይ አሁንም ካርድ ትሞላለች።

ቁጭቴ በድንበር ጠባቂው ላይ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከሰው አገር ጥይት በፊት ግን የራሳችን ሰው ወረቀት አለህ ብሎ መልሶታል፤ ከዚያም በፊት የራሳችን ቅጽ ሙያውን ሳይጠይቅ አሳልፎታል። ያ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ የሄደው ስለራበው ብቻ አልነበረም። እጁ ሥራ ፈትቶ መኖር ስላልቻለ ነው። ጣና ዳር የተወለደ፣ የጀልባን ሞተር ከመካኒክ ሁሉ አብልጦ የሚሰማ ሰው፣ ጀልባ ለመጠገን የመንን አቋርጦ ሄደ። ይህን ያደረግነው እኛ ነን፤ ሌላ የምናሳብብበት የለም።

አውሮፕላኑ አሁንም ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ከሳዑዲ ለመመለስ ስምምነት ተደርጎ መመለሱ ቀጥሏል፤ ከጂዛን፣ ከአቡ ዓሪሽ፣ ከሰምጣ፣ ከጧል የሚለቀሙ ልጆች ነገም ቦሌ ይወርዳሉ። ቦሌ ላይ ቅጹን ይዛችሁ የምትቀመጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከቀበሌው በታች አንድ መሥመር ጨምሩና ጠይቋቸው፤ እዚያ ምን ትሠራ ነበር? ምን ታውቂያለሽ? መልሱን ጻፉት፤ ጽፋችሁም ለወረዳው፣ ለኮሌጁ፣ ለምዘና ማዕከሉ ላኩት። በጣና፣ በሐይቅ፣ በአሸንጌ፣ በወንጪ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞ ላይ የውኃ ግፊት ጀልባ ያላችሁ ደግሞ፣ ሞተራችሁ በሙሉ ጋዝ ስንት ዙር እንደሚመታ ዛሬ ለኩ፤ ከተጻፈለት በታች ከሆነ ትልቅ ኢምፔለር አትግዙ፣ ቀለል ያለውን እዘዙ። እንዲህ ብሎ የሚመክራችሁ ወረቀት የሌለው ልጅ ከመጣም ሞክርልኝ በሉት።